ወደ ማርስ በሳነቴ በኩል፦ ተማሪን ለማስመሰያ የጠፈር ተልእኮ የማሰናዳት ነገር

አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ቡታጋዝና አንድ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ይዘን ከባሌዋ ደሎ መና እንነሣ። (ጀበና ቢሆን ደስ ባለኝ፤ አንገቱ ለቴርሞሜትር አይመችም።) ደሎ መና ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው የሚፈላው 96 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በሐረና ደን ሽቅብ ወጥተን፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ በጎባ በኩል ወርደን ሮቤ ስንገባ 2,492 ሜትር ላይ ነን፤ እዚያ በ92 አካባቢ ይፈላል። ተመልሰን በሳነቴ የቱሉ ዲምቱ ተራራ አናት ላይ፣ 4,377 ሜትር ላይ ብንጥደው ደግሞ 86 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ፈላ ብሎ የተደሰተ ሰው ግን ባቄላው አልበስል ሲለው ያየዋል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ነገሩ የማጀት ጉዳይ ይመስላል። ይህንኑ መስመር ሽቅብ ብንቀጥለው ግን 19 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ውሃ በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ይፈላል። የማርስ የአየር ግፊት ከዚያም በብዙ ያንሳል፤ ከእኛ የባሕር ጠለል ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠፈርተኛ ግፊት የሚይዝ ልብስ ካልለበሰ ለምን እንደማይተርፍ የሮቤ ተማሪ ከማንቆርቆሪያው ተነሥቶ ራሱ ይደርስበታል። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀዩ ኮረብታ ማለት መሆኑንም ልብ ይሏል።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ተማሪዎች ወደ ጠፈር የሄዱ ያህል ሆነው የሚለማመዱበት የማስመሰያ ተልእኮ ሲሰናዳ፣ ከተልእኮው ቀን በፊት በቡድን የሚያደርጉት ምርምር ምን ሊመስል ይገባል? የባሌ ደጋስ ለዚህ ምን አለው?

የዚህ ልማድ አንዱ መልክ የተወለደው ከሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሣች በ73 ሰከንድ ተሰባብራ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ከጠፈር ሆና ልታስተምር ነበር የሄደችው። በዚያው ዓመት የሟቾቹ ቤተሰቦች ተሰባስበው በልጆቻቸው፣ በባሎቻቸውና በሚስቶቻቸው ስም ሐውልት ከማቆም ይልቅ የትምህርት ማእከል አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ማእከል በ1988 ሂዩስተን ላይ ተከፈተ። በእነዚህ ማእከላት አንድ ክፍል ተማሪ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ መንኮራኩሯ ውስጥ፣ ግማሹ የምድር መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የቡድን ኃላፊነት አለው፦ መንገድ መሪ፣ መገናኛ፣ ሕክምና፣ አየርና ውሃ፣ መርማሪ መሣሪያ፣ መረጃ። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰዓታት ያልቃል።

እነዚያ ጥቂት ሰዓታት ናቸው ፎቶ የሚነሣባቸው። ትምህርቱ ያለው ግን ከእነሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። የሕክምና ቡድን የሆነው ልጅ የልብ ምት በከፍታ ላይ ለምን እንደሚፈጥን አስቀድሞ አጥንቶ ካልመጣ፣ በተልእኮው ቀን ያለው ሥራ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ቁልፍ ሲጫን መብራት ይበራል፤ ልጁም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ አለቀ። ብዙ የማስመሰያ ተልእኮ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ባለጸጎቹ አገሮች ጭምር።

የቡድን ምርምር ሲባል ደግሞ እኛ አገር አንባቢው ፊቱን ሊያጨማድድ እንደሚችል አውቃለሁ። ግሩፕ አሳይመንት የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔ ራሴ ስማር ስድስት ሆነን በተሰጠን ሥራ ላይ የነበረኝ ድርሻ የሽፋን ገጹን ማሳመር ነበር፤ አንዷ ልጅ ሙሉውን ጻፈችው፣ ስድስታችንም ስማችንን ደረደርን፣ ስድስታችንም አንድ ዓይነት ውጤት ተሰጠን። መምህሩ ማን ምን እንደሠራ አልጠየቀም። በ2000ዎቹ የመጣው 1 ለ 5 አደረጃጀትም በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ጨመረ። ጎበዙ ተማሪ አምስቱን እንዲጎትት ታስቦ የተዘረጋው ነገር የስም መዝገብና የሪፖርት ማሟያ ሆኖ፣ ቡድን የሚለውን ቃል ራሱን አስጠላው።

ስለዚህ መመርመር ያለበት ቡድኑ የተሠራበት ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤልየት አሮንሰን በ1971 በቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ለተነሣው ጠብ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ስልት ነበረ። ትምህርቱን ይቆራርጠውና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብቻ ይሰጠዋል። የሌላውን ቁራጭ ለማወቅ ያንን ልጅ ከመጠየቅና ከማዳመጥ በቀር መንገድ የለም። ያ ሰነፍ የተባለው ልጅ ዝም ቢል ሁሉም ይጎድልባቸዋል። የማስመሰያ የጠፈር ተልእኮ ይህንኑ ስልት በተፈጥሮው ይዞታል፦ የውሃው ቡድን ሊትሩን ካልተናገረ የጭነቱ ቡድን ኪሎውን ሊያሰላ አይችልም።

በእኔ ፍርድ የዝግጅቱ መለኪያ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን ምርምሩን ሲጨርስ ለሌላ ቡድን የሚያስረክበው ቁጥር አለው ወይ? ድርሰት ያስረከበ ቡድን አልመረመረም ማለት ይቻላል። ቁጥር ያስረከበ ቡድን ግን ቁጥሩ ከተሳሳተ ማን ላይ ችግር እንደሚያደርስ ያውቃል። ምሳሌ ላምጣ። ስድስት ተማሪዎች ለሦስት ቀን ሳነቴ ላይ ማርስ የወረዱ ያህል ሊሰፍሩ ነው እንበል። በጠፈር ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር ውሃ ይታሰባል። ስድስት በሦስት፣ በአራት ሲባዛ 72 ሊትር፤ ማለትም 72 ኪሎ። (ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ለሦስት ቀን ውሃ ብቻ አንድ ሳተላይት ያህል ጭነት!) የጭነቱ ቡድን ይህን ሲሰማ ይጮሃል። በቀን 4 ሊትር ለምን? የእግር መታጠቢያ ይቀነስ! የሕክምናው ቡድን አይቻልም ይላል። ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሽንትና ላብ ሳይቀር እየተጣራ 98 በመቶ ያህሉ ውሃ ተመልሶ ለአገልግሎት እንደሚውል ያነበበው ልጅ ያን ጊዜ ነው እጁን የሚያወጣው፤ ሳቁም ያን ጊዜ ነው።

ትልልቆቹ ሰዎች የሚያደርጉትን ልምምድ በጥቂቱ እንመልከት። ሞስኮ ውስጥ ከሰኔ 2010 እስከ ኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ስድስት ወንዶች መስኮት በሌለው ቤት 520 ቀን ተዘግተው ወደ ማርስ ደርሰው የተመለሱ ያህል ኖረዋል። ሂዩስተን ላይ ደግሞ አራት ሰዎች ከሰኔ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. 378 ቀን ቆይተው ወጥተዋል። በአንታርክቲካ በረዶ ላይ የተሠራችው ኮንኮርዲያ ጣቢያ 3,233 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሐኪም ልኮ የክረምቱን ሠራተኞች ያስጠናል። ሳነቴ ከኮንኮርዲያ ከፍ ይላል።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የሃዋይው ነው። ሃይ-ሲስ የተባለው ነጭ ጉልላት በማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ጎን ላይ የተተከለው በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም ነው። የሮቤ ከተማ ቁመት ማለት ነው! በ2013 እ.ኤ.አ. ለአራት ወር የገቡት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች የተሰጣቸው ዋና ጥያቄ ስለ ሮኬት አልነበረም፤ ስለ ወጥ ነበር። ሰው ለወራት የታሸገ ምግብ ሲበላ ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው የሚበላው ያንሳል፣ ሲያንስ ይደክማል። ከደረቅ ግብዓት ራሳቸው አብስለው ቢበሉስ? በዚሁ ጉልላት በየካቲት 2018 የተጀመረው ስድስተኛው ተልእኮ ደግሞ በአራተኛው ቀን ተቋረጠ። ሰማዩ ደመናማ ሆኖ የፀሐይ ኃይሉ ሲያንስ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ሲሞከር አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ተመታ። ማስመሰሉ ቆሞ እውነተኛው አምቡላንስ መጣ። ማንም መምህር ልጆችን ወደ ሳነቴ ከመውሰዱ በፊት ይህን ታሪክ ቢያነብ ደግ ነው፤ ልምምዱን በምን ሁኔታ እንደሚያቆም አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ልምምድ አይምራ።

አገራችን በዚህ መድረክ ላይ እንግዳ አይደለችም። የዳሎል የአሲድ ኩሬዎች የውጭ ተመራማሪዎች በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሕይወት ሊኖር የሚችልበትን ወሰን ለማወቅ የሚመላለሱበት ቦታ ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጡት ሁለት ጥናቶች ግን አልተስማሙም፦ አንዱ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቦ ማን ምን ለካ፣ ናሙናውን ከየትኛው ኩሬ ቀዳ ብሎ መጠየቅ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ቡድን ከበቂ በላይ የሆነ የአንድ ወር ሥራ ነው።

ተቋሞቹም አሉ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ክበቦች በኩል ሲሠራ ኖሯል፤ እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ የተጀመረው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማእከል አሠራር ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለችው የኢትዮጵያ ድርሻ ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷም አቦል ተብላለች። ቶናና በረካ ገና ናቸው።

አሁን ወደ ባሌ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ዓለም በብር የሚሠራውን ነገር ይህ አገር በተፈጥሮው ይዞታል።

ከሰው ገላ እንጀምር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት በሰሜን ተራሮች የሚኖሩ አማሮችንና በባሌ ደጋ እስከ 4,000 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን አነጻጽሯል። የባሌዎቹ የሄሞግሎቢን መጠን ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። አጥኚዎቹ ልዩነቱን ሕዝቡ በከፍታ ላይ ከኖረበት ዘመን ርዝመት ጋር ያያይዙታል፤ በባሌ ደጋ ከፍታ ላይ የኦሮሞ አሰፋፈር ወደ 500 ዓመት ገደማ ነው ይላሉ። ይህ ወረቀት በእጁ ያለው የሕክምና ቡድን ስለ ራሱ አያቶች እያነበበ ነው። መርፌም ሆነ ደም መቅዳት አያሻውም፤ ከኮቪድ ወዲህ በየፋርማሲው የሚሸጠው፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያና የእጅ ሰዓት ይበቁታል። የልብ ምትን ሮቤ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጎባ ላይ፣ ከዚያም ሳነቴ ላይ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ መለካት። የሚረከበው የካርታው ቡድን ነው፦ በ4,000 ሜትር ላይ አንድ ሰው 10 ኪሎ ተሸክሞ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ጎባ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሮቤ ላይ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሐኪም ለመጠየቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ምግብ። ወደ ማርስ የሚሄድ ምግብ አምስት ዓመት ሳይበላሽ መቆየት አለበት ይባላል። ፍርፋሪ እንዲኖረው አይፈለግም፤ ክብደት በሌለበት ስፍራ ፍርፋሪ እየተንሳፈፈ ዓይንና መሣሪያ ውስጥ ይገባል። አሜሪካኖቹ ዳቦን ትተው የሜክሲኮን ቂጣ የያዙት ለዚህ ነው። የእኛ እንጀራ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻግታል። ጭኮ ግን? የተቆላ የገብስ ዱቄት በነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ ሲሠራ ውሃ የለውም፣ ማብሰል አይፈልግም፣ ቅቤው ስለሚያያይዘው አይፈረፈርም፣ ጉልበቱም የታወቀ ነው። የባሌና የአርሲ እናት ለመንገደኛ ስትቋጥርለት የኖረችው ምግብ የጠፈር መሥሪያ ቤት ካወጣው መስፈርት አንዳንዱን ሲያሟላ ማየት ይገርማል። ሆኖም መገረም ምርምር አይደለም። የምግብ ቡድኑ ሥራ ይህ ነው፦ ከአንድ ቤት የተሠራ ጭኮ ለአሥር ይከፈላል፤ ግማሹ በክዳን በታሸገ ዕቃ፣ ግማሹ በጨርቅ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ይመዘናል፣ ይሸተታል፣ ይቀመሳል፣ ይመዘገባል። ቅቤው የሚገማው በስንተኛው ሳምንት ነው? ምን ዓይነት ገብስ ይሻላል ለሚለው ደግሞ ሲናና የግብርና ምርምር ማእከል እዚያው ከሮቤ አጠገብ ነው። ጭኮ የሚሰለቸው ልጅ የለም ብዬ ግን አልምልም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጭኮ የበላ ሰው የሃዋይዎቹ ጥያቄ ምን እንደሆነ በምላሱ ያውቀዋል።

በዚህ ደጋ ላይ ከእኛ በፊት የሰፈረ ቡድን መኖሩን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊንጫ ሀበራ የተባለው የዋሻ ጥላ 3,469 ሜትር ላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የቁፋሮ ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን፣ ተራራው የበረዶ ግግር ለብሶ ሳለ፣ ሰዎች እዚያ እየተመላለሱ ኖረዋል። የበሉት በዋናነት ትልቁን የባሌ ፍልፈል ነው፤ ጠብሰው። ውሃው ከሚቀልጠው በረዶ ነበር። የመሣሪያቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ድንጋይ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ያመጡት ነበር። ውሃ፣ ምግብ፣ መጠለያ፣ መሣሪያ፦ የማንኛውም የማርስ ሰፈር ዝርዝር ይኸው ነው፤ በአካባቢው ያለውን መጠቀም የሚለው የጠፈር መሐንዲሶች መርሕም እዚያ ዋሻ ውስጥ በአጥንትና በዐመድ ተጽፎ ተገኝቷል።

የመሬት አጥኚው ቡድን ደግሞ ሥራውን ከወንበሩ ሳይነሣ ይጀምር። ሳነቴ ላይ ከላይ በተነሣ ፎቶ ሲታይ በእርሻ የታረሰ የሚመስል የድንጋይ ትልም አለ፤ አንዳንዱ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል፣ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። ማን አረሰው? በ2021 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያወጡ ሳይንቲስቶች በበረዶው ዘመን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን በየመጠኑ ለይቶ የደረደረው ነው ይላሉ፤ በሐሩር ክልል እንዲህ ያለ ግዙፍ ትልም መገኘቱ ራሱ እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ነበር። በማርስም ላይ ትልምና ክብ የሠራ መሬት በፎቶ ይታያል። እናም ልጆቹ እንደ ማርስ አጥኚዎች ይጀምሩ፦ መጀመሪያ ፎቶ ብቻ፣ ከዚያ ግምት፣ ከዚያ ሄዶ በሜትር መለካት። የራሳችን ሳተላይት ፎቶ አንዱ ነጥብ 13.75 ሜትር ነበር፤ የሰፋው ትልም በዚያ ፎቶ ላይ ከአንድ ነጥብ እምብዛም አይበልጥም። ታዲያ በዚያ ሳተላይት ሊለይ ይችል ነበር ወይስ አይችልም? መልሱ ከመጽሐፍ ጀርባ አይገኝም።

ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ በአንድ ቃል ልለፈው። ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ጠፈርተኞቹን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰርዲኒያ ዋሻዎች ውስጥ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ነገር ግን ሶፍ ዑመር የተከበረ የአምልኮ ስፍራ ነው፤ ራስ ቁር አጥልቆ ማርስ ነኝ ለማለት ተገቢ ቦታ አይመስለኝም።

ከሁሉም ይልቅ በማስመሰያ ተልእኮ ውስጥ ሲዘለል የማየው አንድ ቡድን አለ፣ የጽዳት ቡድን፤ ባሌ ላይ ግን የግድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የኅዋ ስምምነት አገሮች ሌሎች ዓለማትን እንዳይበክሉ ያዝዛል፤ መንኮራኩሮች ከመነሣታቸው በፊት ከተሕዋስያን የሚጸዱት ለዚህ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ሩቅ ይሆንባቸዋል። ሳነቴ ላይ ግን ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች ከ500 ብዙም አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌው የዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ፈጅቷል፤ በሽታው የመጣው ከሰው ጋር ከሚኖር ውሻ ነው። ስለዚህ የጽዳት ቡድኑ መመሪያ ማስመሰያ አይደለም፦ ውሻ አይከተለን፣ የምግብ ትራፊ አይጣል፣ የፍልፈል ጉድጓድ አይረገጥ፣ ከመኪና መንገድ ምን ያህል እንርቃለን። ሳነቴ የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ይህ ቡድን ሌሎቹን የማገድ ሥልጣን ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ የካርታው ቡድን ያወጣውን መንገድ እንቢ ብሎ መመለስ ይችላል።

መገናኛው ላይ አንድ ነገር ብቻ። የምድርና የማርስ መልእክት በአንድ አቅጣጫ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ስልክ መደወል የለመደ ልጅ ይህን የሚያምነው ሲደርስበት ነው፦ ሮቤ ያለው ቡድን ምድር፣ ሳነቴ ያለው ማርስ ይሁን፤ እያንዳንዱ የጽሑፍ መልእክት አሥር ደቂቃ ተይዞ ይለቀቅ። ያኔ ሰው አጭርና ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይማራል። እግረ መንገዴን ስለ ቋንቋ ልናገር። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ከ9ኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ይገጥማቸዋል፤ ከጓደኛ ጋር በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀላቀለ ይወራል። ምርምሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ከተባለ ከኢንተርኔት ገልብጦ መለጠፍ ይሆናል። ክርክሩ በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን፤ የመጨረሻዋ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ትጻፍ። ቁጥር እንደሆነ ቋንቋ አይመርጥም።

ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ቀላል ተቃውሞ አይደለምና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ወላጅ ይህን አይቶ፣ ልጄ ፊዚክስ ወድቆ እያለ በጭኮ የጠፈር ጨዋታ ይጫወታል ወይ ቢል አልፈርድበትም። መምህሩም ሃምሳ ስድሳ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል፣ ያላለቀ መጽሐፍ፣ የማያዳርስ ደመወዝ አለበት። የማስመሰያ ተልእኮ የፈተና ውጤት ያሻሽላል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጠውን ሰውም አልወደውም። ግን የግፊትና የመፍላት ነጥብ ግንኙነት መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው፣ ፈተና ላይም የሚመጣ ነው። ሽምድዶ የያዘው ልጅና ማንቆርቆሪያ ይዞ ከደሎ መና እስከ ቱሉ ዲምቱ የወጣው ልጅ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ አይተካከሉም። መምህሩ አዲስ ትምህርት አይጨምር፤ ያንኑ ምዕራፍ በዚህ መንገድ ያስተምረው።

ወጪውም የሚባለውን ያህል አይደለም። ጉልላት፣ የሚያብለጨልጭ ልብስና ስክሪን የሚያስፈልገው ፎቶው ነው። እኔ ብጠየቅ ከገንዘቡ አብዛኛውን ለመኪና ኪራይ፣ ለብርድ ልብስና ለመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ አውለዋለሁ፤ ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ ተመዝግቧል። የሦስት ቀኑ ስሌት ለልምምድ ነው፤ የክፍል ተማሪ ሌሊት እዚያ ባያድር እመርጣለሁ። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል።

ውጤት አሰጣጡ ግን መለወጥ አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ለስድስት ሰው አንድ ውጤት ከተሰጠ የእኔ የሽፋን ገጽ ታሪክ ይደገማል። በተልእኮው ቀን መምህሩ ያልታሰበ አደጋ የተጻፈበት ካርድ ይመዝ፦ የውሃው ጀሪካን ተቀደደ፤ አንድ ሰው ራሱን አመመው፤ ጭጋግ ወረደ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቡድን በዕጣ አንድ ልጅ ይነሣና ያስረከቡትን ቁጥር ከየት እንዳመጡት፣ አሁን ደግሞ ስንት እንደሚሆን ያስረዳ። ማን እንደሚነሣ ስለማይታወቅ ሁሉም ማወቅ አለበት። ያቺ የእኛ ልጅ ስድስት ገጽ ብቻዋን ስትጽፍ እንዲህ ያለ ዕጣ ቢኖር ኖሮ እኔ ዕጣው የሚወጣብኝ የመጀመሪያው ሰው እሆን ነበር፤ ዐይኔም ይፈጥ ነበር።

እንግዲህ ለሮቤና ለጎባ የሳይንስ መምህራን፦ ሳነቴ ላይ ወጥቶ ለመለካት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፣ ከሮቤ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ግድም። ደብዳቤው ላይ የተማሪውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የምትሄዱበትን መንገድና ምንም ነገር ይዛችሁ እንደማትመለሱ ጻፉበት። መልሱ እስኪመጣ ማንቆርቆሪያውን ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ጣዱት።